ወንድሜን ያሰርኩበት ክር

ልጅ ሳለሁ ወንድም በክር እንደሚገኝ የነገሩኝ ጎረቤታችን እትዬ ሳሮጅ ናቸው። ህንዳዊት ነበሩ፤ በወጣትነታቸው ደሴ ሒሳብ ሲያስተምሩ ኖረው አማርኛውን አቀላጥፈውታል። ያኔ፣ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ፣ ባሕር ማዶ ፌርፋክስ በሚባል ሰፈር፣ አንድ ሕንፃ ላይ እኛ ከታች እሳቸው ከላይ እንኖር ነበር። ሲመሽ ትንሿን የዘይት መብራት ይለኩሱና እኔንና የልጅ ልጃቸውን ራቪን አስቀምጠው ተረት ይነግሩናል።

አንድ ምሽት ወንድም ስለሌላት ልጅ ነገሩን። እህቶች ሁሉ ለወንድሞቻቸው ክር በሚያስሩበት በዓል የምታስርለት ብታጣ፣ ሄዳ ደጅ ላለው ዛፍ አሰረች፤ ዛፉም ዕድሜዋን ሙሉ ጥላውን አልነፈጋትም። እኔ ወንድም የለኝም፣ ራቪም እህት የለውም። በዓሉ ደግሞ ነገ ነው! ደረጃውን በሩጫ ወርጄ ለእናቴ ነገርኳት።

«ክሩስ ይሁን» አለች እናቴ፣ «ግን ጣፋጭ ያጎርሱሻል፤ የሚሠሩት በወተት ነው። በፍልሰታ? አይሆንም።»

ዓይኔ እስኪያብጥ አለቀስኩ። በማግስቱ እትዬ ሳሮጅ ራሳቸው ሳህን ይዘው ወረዱ።

«ደሴ ኖሬ ፍልሰታን ልርሳ እንዴ? ኮኮናትና ስኳር ብቻ ነው፤ ጠብታ ወተት የለበትም።»

እናቴ እፍር ብላ ሳቀች። «እንግዲህ ምን እላለሁ፣ እትዬ» ብላ እሷም ተከትላን ወጣች።

ራቪ ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ። የመብራቷ ብርሃን ፊቱ ላይ ይጫወት ነበር። እትዬ ሳሮጅ እንደነገሩኝ ግንባሩን ቀይ ቀለም ቀባሁት፤ ከዚያ እሳቸው ያዘጋጁትን ረጅም ወርቃማ ክር አንስቼ አንገቱ ላይ አሰርኩለት። ያኔ እኔ የማውቀው ክር ማተብ ብቻ ነው፤ ማተብ ደግሞ ሌላ ቦታ አይታሰርም።

ራቪ ክሩ እንዲታሰርበት የዘረጋውን ቀኝ እጁን አየ፣ እኔን አየ። በቃ፣ ወንድሜን አጣሁት ብዬ ደነገጥኩ። እጁን ወደ ቋጠሮው ሲሰድ አያቱ ያዙት።

«ተወው፣ የሐበሻ እህት እንዲህ ነው የምታስረው።»

ራቪም ፈገግ አለና ጣፋጩን አጎረሰኝ።

እትዬ ሳሮጅ ካረፉ ቆዩ። ስንቱን ተረታቸውን ረስቻለሁ፤ የዛፉ ግን አብሮኝ አለ፣ ጥላው እኔም ላይ አርፏልና። ራቪ ዛሬ ሁለት ልጆች ያሉት፣ ቶራንስ የምትባል ከተማ የሚኖር ሰው ነው። በዓሉ ሲደርስ ይመጣል፤ እኔ ክሩን ሳላነሳ እሱ የሸሚዙን ኮሌታ ከፍቶ ይጠብቀኛል።