መርፌው የሚቀረው ለማን ነው

በመተማ በኩል ባለ አንድ ሆስፒታል በካላዛር ክፍል ነርስ ሆኜ ስሠራ ሰባተኛ ዓመቴ ነበር። ከደጋ አንድ ዩኒቨርሲቲ ከእኛ ጋር ጥናት ሊጀምር ነው ሲባል ብዙም አልተደሰትኩም። ከዚያ በፊትም አጥኚዎች መጥተው ደም ቀድተው፣ ቅጽ አስሞልተው ሄደዋል። ምን እንዳገኙ ተመልሶ የነገረን አልነበረም።

የአሁኑ ጥናት ስለ መርፌው ነበር። ካላዛር በቆላ የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው፣ በትኩሳት የሚጀምር በሽታ ነው፤ የያዘው ሰው ጣፊያው ያብጣል። በሽታው እሱ መሆኑን ለማረጋገጥ፣ ሕክምናውን ሲጨርስም መዳኑን ለማየት፣ በመርፌ ከጣፊያው ናሙና እንወስዳለን። በሽተኛው በጀርባው ተኝቶ ትንፋሹን ይይዛል፤ ሐኪሙ በቅጽበት ወግቶ ያወጣል። ከዚያ ጣፊያው እንዳይደማ ለሰዓታት ሳይነቃነቅ መተኛት አለበት። የእኔ ድርሻ እጁን መያዝ ነው። ዩኒቨርሲቲው የመጣው ከክንድ በሚቀዳ ጥቂት ደም ያንኑ ማወቅ ይቻል እንደሆነ ሊፈትሽ ነበር። ጥናቱን የምትመራው ሐኪም በዕድሜ ከእኔ የምታንስ፣ ረጋ ብላ የምትናገር ሴት ናት። በሽተኞቹን ማስረዳትና ማስፈረም ለእኔ ተሰጠኝ።

መጀመሪያ የደረሱኝ ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ ወርደው፣ ኮኪት አካባቢ ሲሠሩ የታመሙ፣ ሃምሳ ያለፋቸው ሰው ነበሩ። ክንድና እግራቸው ቀጥኖ ሆዳቸው ብቻ ተነፍቶ ቀርቷል። አልጋቸው አጠገብ ቆሜ የስምምነት ቅጹን አነበብኩላቸው። «ተሳታፊው በሙሉ ፈቃደኝነት»፣ «ሊከሰቱ የሚችሉ ተጓዳኝ ጉዳቶች» የሚል አራት ገጽ ነው። ሌሎች ስለሚጠብቁኝ እየተጣደፍኩ ነበር የማነበው።

ስጨርስ «እታለም፣ ደህና አርገሽ አነበብሽ» አሉኝ። «አሁን ደግሞ ንገሪኝ።»

አፈርኩ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«ትናንት ጣፊያዎን የተወጉት መርፌ አለ አይደል?»

«እሱን ማን ይረሳል።»

«ያንን መርፌ የሚያስቀር የደም ምርመራ እየተፈለገ ነው።»

«እንግዲያማ ከኔ ጀምሩ። ሁለተኛ አልወጋም።»

እዚህ ላይ ከበደኝ። ቅጹን አጠፍኩትና እንደምንም ቀጠልኩ። «አባቴ፣ የደሙ ምርመራ እውነቱን መናገሩን የምናውቀው ከመርፌው ውጤት ጋር ስናስተያየው ነው። ስለዚህ ሕክምናዎን ሲጨርሱ መርፌውንም ይወጋሉ፣ ደምም ይሰጣሉ።»

«ጥናቱ ውስጥ አልገባም ብልስ?»

«ያኔም መርፌው አይቀርልዎትም። ሕክምናዎም አይጓደልም። የሚቀረው ደም መስጠቱ ብቻ ነው።»

«ታዲያ መርፌው የሚቀረው ለማን ነው?»

«ከተሳካ፣ ከእርስዎ በኋላ ለሚመጡት።»

«ካልተሳካስ?»

«ለማንም አይቀርም።»

ከማዶ አልጋ ላይ ከወሎ ለሥራ የመጣ ጎልማሳ ያን ጧት ተወግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ እንደደረቀ ተኝቷል። እሱን ሲያዩ ቆዩ። «ይኸ ሰውዬ ሲወጋ እናቱን ጠራ» አሉ። «ሰማሽው?»

«ሰምቻለሁ።»

«በይ ጻፊኝ።»

አውራ ጣታቸውን በቀለም ነክሬ ሳስፈርማቸው ነው ሐኪሟ በሩ ላይ ቆማ ስትሰማ እንደነበረ ያየሁት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። ከሰዓት በኋላ ግን ደብተር ይዛ መጣችና «ቅጹን አንቺ እንደነገርሻቸው እንጻፈው» አለችኝ። እኚያኑ ሰው ጨምረን ሦስት ሆነን አልጋቸው ዙሪያ ተቀመጥን። «ተጓዳኝ ጉዳት» የሚለው ላይ ስንደርስ ሐኪሟ «ይህን ምን እንበለው?» ብላ ጠየቀቻቸው። «ያምሃል በሉታ» አሉ። «ከዚያ ምን ያህል ቀን እንደሚያመው ንገሩት። ሰው እሱን ነው የሚፈልግ።» አራቱ ገጽ ወደ ሁለት ወረደ። አዲሱ ቅጽ በዩኒቨርሲቲው እስኪጸድቅ ሳምንታት ፈጀ።

እሳቸው ሕክምናቸውን ሲጨርሱ ሁለተኛውን መርፌ ተወጉ። እጄን አጥብቀው ያዙ እንጂ ድምፅ አላወጡም። ደማቸው በበረዶ ሳጥን ወደ ደጋ ተላከ። እኔ አጠገባቸው እንደተቀመጥኩ ቀረሁ።

«ሂጂ፣ ሥራሽን ሥሪ» አሉኝ።

«ሥራዬ ይኸው ነው።»

ፈገግ አሉ። ሆዳቸው እንዳይነቃነቅ ሳቃቸውን ሲይዙት እኔም ሳቄ መጣ። በማግስቱ የመርፌው ውጤት ጥሩ መሆኑን ነገርኳቸው፤ በሦስተኛው ቀን ወደ ገንዳ ውሃ ከተማ የሚሄድ ባጃጅ አሳፍሬ ሸኘኋቸው።

የጥናቱ ውጤት ለመድረስ ከሁለት ዓመት በላይ ወሰደበት። ሐኪሟ ራሷ ይዛው መጣች። «ጉባኤ ላይ ከማቅረቤ በፊት ደማቸውን የሰጡት ሰዎች ይወቁት» አለች። እሷና እኔ መዝገቡን ይዘን ስልክ መደወል ጀመርን። ብዙው ቁጥር አይሠራም፤ ገሚሱ እዚህ ሳሉ የያዙት የሱዳን ሲም ነበር። የጎጃሙ ሰው ዘንድ በሆስፒታሉ ስልክ ስደውል ባለቤታቸው አነሱና እርሻ ላይ ናቸው አሉኝ። ከቀትር በኋላ ራሳቸው ደወሉ።

«እታለም፣ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ አባቴ። ውጤቱ መጣ። የደሙ ምርመራ ብዙውን ጊዜ እውነቱን ተናግሯል። አንዳንዱ ላይ ግን ስቷል። ከእንግዲህ መጀመሪያ ደም እናያለን፤ መርፌ የምንወጋው ስንጠራጠር ብቻ ነው።»

«ለሁሉም አልቀረማ።»

«ለሁሉም አልቀረም።»

«ለብዙው ግን ቀርቷል?»

«ለብዙው ቀርቷል።»

አጠገቤ ያለችው ሐኪም ወደ ስልኩ ጠጋ ብላ ታዳምጣለች። ከእርሻ የተመለሱ በሬዎች ሲጮኹ ይሰማል።

«ዘንድሮ እኔ አልወርድም» አሉ። «ታናሽ ወንድሜ ግን አብደራፊ ለአጨዳ ወርዷል። ትኩሳት ቢይዘው ሳይታከም ተኝቶ እንዳይከርም ፈርቻለሁ። ያንቺን ስልክ ልስጠው?»

«ይስጡት» አልኳቸው።

ቁጥሬን አንድ በአንድ አስደገሙኝ፤ ባለቤታቸው ከጎን ሆነው ለአንድ የጎረቤት ተማሪ እየነገሩ ሲያጽፉ ይሰማኝ ነበር።