የመሪጌታ ሚስት ከጎን ሆና የተማረችው

የመሪጌታ ዘሥላሴ ሚስት ሥርጉት በአንኮበር ዙሪያ በትሕትናዋ የታወቀች ነበረች። በክብረ በዓል ቀን ሌሎቹ ሴቶች እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሲጠጉ፣ እሷ ከግቢው ጥግ ካለው ጥድ ሥር ትቆማለች። "የካህን ቤት ሴት ማለት እንዲህ ናት!" ይሉላታል።

ሥርጉት ግን ወዳ አልነበረም የምትርቀው። የመጨረሻ ልጇን ዘርአ ዳዊትን በጭንቅ ከወለደች ወዲህ፣ ስታስል፣ ስታስነጥስ፣ ሸክም ስታነሣ ሽንቷ ያመልጣታል። ከቀሚሷ ሥር ጨርቅ ትታጠቃለች፤ ጠረኑ ሰው አፍንጫ እንዳይደርስ ትሸሻለች። ያን ጊዜ ለእናቷ ብትነግራቸው፣ "የወለደች ሁሉ እንዲሁ ናት፤ ቻዪው" አሏት። ቻለችው። ልጁ አድጎ ዩኒቨርሲቲ ሲገባም እሷ ገና እየቻለች ነበር።

አምና መሪጌታ የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ቁስሉ ቶሎ ዳነ፤ የሽንት ቱቦው ከወጣ በኋላ ግን ሽንታቸው አልያዝ አለ። የደብሩ አለቃ ቴዎፍሎስ ቤታቸው ድረስ መጥተው በለሰለሰ አንደበት፣ "ሰውነትዎ እስኪጸና ከማኅሌቱ ቢያርፉ" አሏቸው።

"ፊኛዬ ላልቶ እንደሆነ ጉሮሮዬ አልላላም!" አሉ መሪጌታ።

በማግሥቱ በዓል ነበር። መቋሚያና ጸናጽላቸውን ይዘው ከጥዱ ሥር፣ ከሚስታቸው ጎን ቆሙና ከውስጥ ካሉት ድምፅ በላይ አዜሙ። የውስጦቹ ዜማው ተምታታባቸው። አገሩ ሁሉ ስለ መሪጌታ ሕመም አወራ፤ ይህም አዘነላቸው፣ ያም መድኃኒት ጠቆማቸው። ሥርጉት ከጎናቸው ቆማ ይህን ሁሉ ትሰማለች። የእሳቸው ገና ጥቂት ወሩ ነው፤ እሷን ግን በዚያ ሁሉ ዓመት "ምን ሆነሽ?" ያላት ሰው የለም። ይባስ ብሎ አመስግነዋታል።

መሪጌታ እንዲህ ሆነው የሚቀመጡ ሰው አይደሉም። ሥርጉትን አስከትለው ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ሄዱ። ሐኪሙም ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል መራቸው። እዚያ ያገኟት ባለሙያ ነጅዋ የምትባል ሻሽ ያሰረች ወጣት የአልዩ አምባ ልጅ ነበረች። መሪጌታ እንዲህ ያለውን ጉዳይ ለሴት ልጅ መናገር አሳፍሯቸው ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ።

"እማማ ውጭ ይጠብቁን?" አለች ነጅዋ።

"ትቀመጥ። እኔ ብረሳ እሷ ትይዝልኛለች።"

ሥርጉት ጥግ ካለው ወንበር ተቀመጠች። ነጅዋም ማስረዳት ጀመረች። "ከዳሌ አጥንታችን ሥር ፊኛንና አንጀትን ከታች ደግፎ የሚይዝ ጡንቻ አለ። እንደ አልጋ ጠፍር አድርገው ያስቡት። ጠፍሩ ሲላላ አልጋው ይሰረጉዳል። ጠፍር ላላ ተብሎ ደግሞ አልጋ አይጣልም፤ ይወጠራል። አሁን ፈስ እንዳያመልጥዎት እንደሚይዙት አድርገው፣ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ይሳቡት።"

መሪጌታ ጥርሳቸውን ነከሱ፤ ፊታቸው ደም መሰለ።

"መሪጌታ፣ ጥርስዎን ይተዉት፤ ሽንት በጥርስ አይያዝም። ትንፋሽዎንም አይያዙ። ድምፅ እያወጡ ይሞክሩት።"

መሪጌታ ዜማ አነሡ። በኮሪደሩ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ።

ሥርጉት በዚህ መሐል ከነጠላዋ ሥር እሷም እየሞከረች ነበር። መጀመሪያ ምንም የለም። ደግማ ሞከረች፤ አሁንም የለም። በኋላ ግን ደካማ ነገር ከሥሯ ሳብ ሲል ተሰማት። የሞተ የመሰላት ነገር አልሞተም ነበር። ደስታ ሳይሆን ንዴት ነው የቀደማት።

"ልጄ፣ ይህ ነገር ለወንድ ብቻ ነው?"

"ማን አለ! ከሚመጡልኝ የሚበዙት ሴቶች ናቸው።"

"እንግዲያው እኔም ታማሚ ነኝ።"

መሪጌታ ዜማቸውን አቋረጡ። "ምን ሆነሽ?"

"እርስዎ የሆኑትን።"

"ከመቼ ወዲህ?"

"ዘርአ ዳዊት ከተወለደ ወዲህ።"

"እና አንድ ቀን እንኳ አልነገርሽኝም!"

"እርስዎስ አንድ ቀን እንኳ ጠየቁኝ?"

ነጅዋ መሪጌታን ወደ ውጭ ሸኘቻቸውና ሥርጉትን መረመረቻት። ፊኛዋ ትንሽ ወደ ታች እንደወረደ፣ ሐኪምም እንዲያያት እንደምትልካት ነገረቻት። ሳል ሲመጣ ቀድማ ጡንቻውን እንድትስብ፣ ዕቃ ስታነሣ ትንፋሿን እንድታወጣ አሳየቻት። ሥርጉት እንዳያመልጣት ብላ ውኃ መጠጣት ትታ እንደኖረች ስትናገርም ተቆጣቻት። "ውኃ መከልከል ፊኛን ያስቆጣል እንጂ አያድንም፣ እማማ። ከባድ ሸክም ግን ይቅርብዎ።"

በማግሥቱ ማለዳ ጀሪካኑ ባዶ ነበር። ሥርጉት ከመቀመጫዋ አልተነሣችም።

"ውኃ የለም እኮ" አሉ መሪጌታ።

"ሸክም ተከልክያለሁ። እርስዎም ገና አልጠነከሩም። አህያ ይዋሱ።"

"መሪጌታ አህያ እየነዳ ውኃ ሲቀዳ ይታይ?"

"እኔ ስሸከም ሲታይ አልኖረም?"

መሪጌታ አህያ ተዋሱ። የምንጩ ሴቶች እየተጠቃቀሱ ሳቁ። ከሁሉም የባሰችው ጎረቤታቸው ባፈና ነበረች። ሥርጉትን መንገድ ላይ ስታገኛት፣ "ባልሽን ውኃ ቀጂ አደረግሽው አሉ። ያ ሁሉ ትሕትናሽ ወዴት ሄደ?" አለቻት።

"ትሕትና አልነበረም፤ ሽንት ነበር።"

"ኧረ በሥላሴ! ይህ በአደባባይ ይነገራል?"

"የፈሰሰብኝም በአደባባይ ነው" አለች ሥርጉት፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ። ከዚያም ጡንቻው የት እንዳለ፣ እንዴት እንደሚሳብ እዚያው መንገድ ላይ ቆማ ነገረቻት። ባፈና ግራ ቀኝ አየች። ሳቋ ጠፍቶ፣ "እኔስ ስስቅ ነው የሚያመልጠኝ" አለች በሹክሹክታ።

ባልና ሚስት ክረምቱን በሙሉ ጧት ጧት ፊት ለፊት እየተቀመጡ ሠሩ።

"ያዝሽ?" ይላሉ መሪጌታ።

"ይዣለሁ። እርስዎ ግን ጥርስዎን ነክሰዋል።"

መሪጌታ መስከረም ሲጠባ ወደ ማኅሌቱ ተመለሱ፤ ሌሊቱ ሲረዝምባቸው ብቻ ጨርቅ ይታጠቃሉ። ሥርጉትም የጨርቅ ክምሯን አቃጠለች። ብርዱ ሲጠና ሳል አልፎ አልፎ ይቀድማታል፤ ያን ቀን ልብሷን ቀይራ ትወጣለች እንጂ ቤት አትቀርም። ለቅሶ ቤትም፣ ሰንበቴም፣ ገበያም ላይ ለሴቶች ትናገራለች።

ወሬው አለቃ ቴዎፍሎስ ዘንድ ደረሰ። አንድ ማለዳ መንገድ ላይ አስቆሟትና፣ "ልጄ፣ ይህ ንግግር ለመሪጌታ ሚስት አይገባም። ዝም ማለት ይሻላል" አሏት።

ሥርጉት መስቀላቸውን ተሳለመች። ከዚያም ቀና ብላ አየቻቸው። "አባቴ፣ ያን ሁሉ ዘመን ዝም ብዬ ኖሬ ደረቅሁ እንዴ?"

እሷም ነጠላዋን አጣፍታ ወደ መኪና መቆሚያው ፈጠነች። ባፈናና ሌሎች ሁለት ሴቶች የደብረ ብርሃኑን ሚኒባስ በር ይዘው እየጠበቋት ነበር።