በልደታ የሰጠመችው መርከብ

በከር ሁደይዳ ተወልዶ፣ ሃያ ሁለት ዓመት በቀይ ባሕር ላይ የጭነት መርከብ መሪ የጨበጠ የመናዊ ነው። ጦርነቱ ቤቱን ሲያፈርስበት በጅቡቲ አድርጎ አዲስ አበባ ገባ፤ ባሕር በሌለበት ከተማ ቀረ። ወሎዬዋን ሳዲያን አግብቶ ከልደታ ማርያም ወረድ ብሎ ፉል ቤት ከፈተ። ሰፈሩ “ካፒቴን” ይለዋል። ጠረጴዛዎቹን ሁሉ ከወለሉ ጋር በብሎን አስሯቸዋል። “ማዕበሉ ከየት ሊመጣ ነው?” እያሉ ሲስቁበት “የመጣ ቀን ታያላችሁ” ይላል እንጂ አይፈታቸውም።

አንድ ጊዜ የንግድ ፈቃዱን ሊያድስ ቢሄድ፣ አሠራሩ ተቀይሯል ተብሎ አዲስ ቅጽ ተሰጠው። “የቀድሞ ሥራ” በሚለው ላይ “መርከበኛ” ብሎ ሞላ። በሳምንቱ የወጣለት ፈቃድ “የባሕር ማጓጓዣ፤ የመርከብ ብዛት፦ አንድ” ይላል።

እየሮጠ ወደ ንግድ ቢሮው ተመለሰ። መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ጊፍቲ ትባላለች፤ ሰው አክባሪ ልጅ ናት።

“የኔ ልጅ፣ እኔ የምሸጠው ፉል ነው። መርከብ የለኝም።”

“አባባ፣ ሲስተሙ አለዎት ይላል። ከሌለዎት፣ እንደሌለዎት ማስረጃ ያምጡ።”

“ከማን?”

ጊፍቲ “እሱን እንግዲህ…” ብላ ማመልከቻ እንዲጽፍ ባዶ ወረቀት ሰጠችው።

በመጨረሻ ኮሚቴ ተላከ። ሦስት ሰዎች መጥተው ፉል ቤቱን ዞረው አዩ፤ አንደኛውማ ጎንበስ ብሎ ከድስቶቹ ጀርባ ሳይቀር ተመለከተ። ከዚያ ቃለ ጉባኤ ጻፉ፦ “በጉብኝቱ ሰዓት መርከቧ በቦታው አልተገኘችም።”

“ደበቃት እንዳይሉህ ብቻ” አለች ሳዲያ ስታነበው።

እንደፈራችውም ሆነ። መርከቧን የት እንዳደረሳት በጽሑፍ እንዲያስረዳ ታዘዘ። ጊፍቲ አዘነችለትና ድምጿን ዝቅ አድርጋ “አባባ፣ ሰጥማለች ብለው ይፈርሙልኝና እንሰርዛት” አለችው።

በከር ወረቀቱን ቤቱ ወስዶ ፊቱ አስቀመጠው። በዕድሜው አንዲት ጀልባ እንኳ አስጥሞ አያውቅም።

“ሰርቄያለሁ በል ቢሉኝ ወላሂ እፈርም ነበር” አለ። “መርከብ አሰጠምኩ ብዬ ግን?”

“በከር፣ የሌለች መርከብ እኮ ናት።”

“ብትኖርማ መች አሰጥማት ነበር!”

ሦስት ቀን ወረቀቱን ሳይነካው ዋለ። በአራተኛው ቀን ፉል ቤቱ ሊታሸግ ነው ሲሉት ፈረመ። “የሰጠመችበት ቦታ” በሚለው “ልደታ” አለ። “ምክንያት” በሚለው ደግሞ “እኔ መሪው ላይ አልነበርኩም” ብሎ ጻፈ።

ወረቀቱን ለጊፍቲ አስረክቦ ሳይመለስ ወሬው ቀድሞት ሰፈር ገባ። ሲደርስ የእድሩ ዳኛ ጋሽ በድሉ ድንኳን አስተክለው፣ አግዳሚ ወንበር ሲያስደረድሩ አገኛቸው።

“ካፒቴን፣ መርከብህ ሰጠመች አሉ። አላህ ያጽናህ። ሰው ነበረባት?”

“ማንም አልነበረባትም።”

“ተመስገን!”

በከር ሳቁ ሊያመልጠው ነበር። ግን ጎረቤቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየገቡ ከጎኑ ሲቀመጡ፣ ከአገሩ ከወጣ ወዲህ ለጠፋበት ነገር ማንም ለቅሶ ተቀምጦለት እንደማያውቅ ትዝ አለው። እንባው መጣ። የፈረሰውን ቤቱን፣ ሁደይዳ የቀሩትን ወንድሞቹን፣ አብረውት በመርከብ የሠሩትን ሰዎች በየስማቸው እያነሳ ሲያወራ ዋለ፤ ሰዉም “እህ” እያለ ሰማው።

አዲሱ ፈቃድ በሳምንቱ ወጣ። “ምግብ ቤት” ይላል። ጊፍቲ ራሷ ይዛለት መጣችና፣ የለቅሶውን ነገር ሰምታ ኖሮ ሳዲያን ለብቻዋ ጠርታ “እናት፣ መርከቧ ስሟ ማን ነበር?” ብላ ጠየቀቻት።