አባቴ የፈታው ሞተር

የሰው መኪና በብርድ ጠዋት አልነሳ ብላ ሞተሪኖዋ እኝ… እኝ… እኝ ሲል በሰማሁ ቁጥር፣ ደሴ የነበረው ግቢያችን ከነቤንዚን ሽታው ይመጣብኛል፣ ጥርሴንም አፋጫለሁ። ሌላው ሰው ልጅነቱን ሲያስታውስ ሆዱ ይባባል አሉ፤ የእኔ ግን ይቆጣል።

ነገሩ የጀመረው ክረምት ላይ ነው። አባቴ ይማም ከደሴ ኮምቦልቻ ሰው እያመላለሰ የሚያሳድረን በአንዲት አሮጌ ነጭ መኪና ነበር፤ እሷም በታመመች ቁጥር ኮምቦልቻ ዋናው መንገድ ዳር ጋራዥ ወዳለው ወደ ሰይድ ትወሰድ ነበር። ሰይድ ያን ክረምት «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» እያለ ዝናቡ እስኪያባራ አስቀምጧት፣ ሠራሁ ብሎ ሲመልሳት የሐረጎን ዳገት ሳታጋምስ እንፋሎት እየተፋች ቆመች። አባቴ አስጎትቶ ቢወስድለት፣ ሰይድ ደንበኞቹ ፊት በሳቅ ፈርሶ፣ «ኧረ ይማም፣ መኪናዋ ምን አደረገች? የተበላሸውስ ነጂው ነው!» አለው። አባቴ መጉላላቱን ሁሉ ሊረሳ ይችል ነበር፤ ይችን ሳቅ ግን አልረሳትም። «ወላሂ፣ የዚህ ሰው እጅ ሁለተኛ አይነካትም! በገዛ እጄ ሠርቼ፣ ቤተሰቤን ጭኜ፣ በሩ ላይ ክላክሴን እየነፋሁ ካላለፍኩ ይማም አይደለሁም!» ብሎ ማለ። እኔማ ያን ቀን እንደ ኢድ ነበር የምጠብቀው፤ በመስኮት ወጥቼ ምላሴን ላወጣበት ሁሉ አስቤ ነበር።

ጥቅምት ገብቶ ፀሐይ ስትወጣ አባቴ ሞተሩን ግቢ ውስጥ ፈታው። ብረቱን በጆንያ ላይ ደርድሮ፣ በቤንዚን እያጠበ፣ በሞተሩ ክዳን ስር የተቃጠለችውን ጓርኒሲዮን ቀይሮ፣ አንዱን ብሎን አጥብቆ ለሌላው ቢስሚላህ እያለ ይውል ነበር። ጎረቤቶቻችን ከአስር ሶላት በኋላ እየመጡ ዙሪያውን ቆመው ይመክሩት፣ እሱም «የሰይድን ፊት ነው ማየት የምፈልገው» ይላቸው ነበር።

ኅዳር ላይ ገጥሞ ጨረሰና ቁልፉን አዞረ። እኝ… እኝ… እኝ። አልነሳችም። ባትሪው ደክሞ ነው ብሎ የጎረቤት ባትሪ አመጣ፣ ያው ነው። ካንዴላዎቹን ነቅሎ ቢያያቸው እሳቱን ፏ አድርገው ይተፋሉ፤ ቤንዚኑም ካርቡራተሩ ድረስ ይደርሳል። ሰፈርተኛው ተሰብስቦ ቁልቁለቱን እየገፋ ለቀቃት፣ ታች ደርሳ ዝም፤ እንደገና ሽቅብ ጎትተው መለሷት። አባቴ ግን አንድ ሐሳብ ብቻ ነበር በጭንቅላቱ የገባው። «ሰይድ ነው! የሆነ ነገር አድርጎባታል!» እያለ ሰይድ የነካውን ሁሉ ደጋግሞ ይፈታል፣ እሱ ራሱ የገጠመውን ግን ዞር ብሎም አያየውም ነበር።

እንዲህ እያለ ሳለ ከኮምቦልቻ ወዲያ ካለችው ከደጋን መልእክት መጣ፤ አያቴ፣ የእናቴ እናት፣ ታማ «ዘይነባን አሳዩኝ» ብላለች ተባለ። እናቴ ጓዟን ቋጠረች።

«በሚኒባስ ልሂድ» አለችው።

«በሰው መኪና ተሸጉጠሽ የሰይድን በር ልታልፊ? እንዲስቅብኝ? ነገ ትነሳለች፣ ኢንሻአላህ።»

ያኔ የእናቴ እግር ያለ ባሏ ፈቃድ ከሰፈር አይወጣም ነበር። ጓዟን ጭኗ ላይ አድርጋ ደፍ ላይ ተቀምጣ፣ ያንን እኝ እኝ ስትሰማ ትውላለች፣ ሲነጋም እዚያው ትቀመጣለች። በመጨረሻ ሌላ ሰው መጣና «ዘይነባ፣ እናትሽ ወደ አኼራ ሄደች» አላት። በሚኒባስ ከንፋ ደጋን ስትደርስ አያቴ ተቀብራ፣ ሰው ከመቃብር ተመልሶ ነበር።

ከለቅሶው ስንመለስ አባቴ ለማንም ሳይናገር ካርቡራተሩን አነሳው። እኔ ውሃ ይዤለት ቆሜ ነበር። ከስሩ ካለው፣ ሞተሩ ከሚተነፍስበት ቀዳዳ ውስጥ በጣቱ ጎትቶ አንድ ጥቁር ጨርቅ አወጣ፤ የእናቴ አሮጌ ሻሽ ቁራጭ ነው። ነገሩ ለሁለታችንም ወዲያው ገባን። ቤታችን አፉን ከፍቶ የሚያድር ዕቃ አልነበረም፤ ሸይጧን ይገባበታል እያለች እናቴ እንስራውንም ወተቱንም በቢስሚላህ ሳትከድን አትተኛም ነበር። አባቴ ሞተሩን ገልጦ ባሳደረው ጊዜ ያን ቀዳዳ አይታ ጥቅጥቅ አድርጋ ወትፋዋለች፤ ጋን የሚከፍት ሰው ውታፉን እንደሚያነሳ እሱም ያነሳዋል ብላ ነው። እሱ ግን ሳያይ ካርቡራተሩን በላዩ ገጥሞበት፣ መኪናዋ ትንፋሽ አጥታ ነው የከረመችው።

አባቴ ወደ ቤቱ በር አየና ጨርቁን ኪሱ ከተተው።

«አንቺ አላየሽም።»

«አየሁ እንጂ፣ አባ!»

«አላየሽም አልኩሽ! እናቷን በገዛ እጇ እንዳጣች ልትሰማ ነው? ወላሂ በይ።»

«ወላሂ» አልኩ።

ካርቡራተሩን መልሶ ገጥሞ ቁልፉን ሲያዞር መኪናዋ ወዲያው ተነሳች። እናቴ ከውስጥ ሰምታ፣ «አሁን! አሁን ተነሳሽ!» ብላ ጮኸች።

ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ እናቴ ግን አምስት ወቅት እየሰገደች ቂሟን አልፈታችም። እዚያች መኪና ውስጥ ዳግመኛ አልተቀመጠችም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰኞ ገበያ ከሚባለው የደሴ ገበያ ሸክሟን ይዛ ስትመለስ አባቴ መኪናዋን በእግሯ ልክ እያስኬደ፣ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ዘይነባ፣ ግቢ በአላህ» እያለ ይከተላት ነበር፤ እሷ ዞር አትልም፣ ገበያተኛው ይስቃል። በሰይድ በር ላይም ብዙ ጊዜ አለፍን፣ አባቴ ግን አንድም ቀን ክላክስ አልነፋም። ሞቶ እንኳ አልማረችውም፤ ለለቅሶ የመጣው ሰው ፊት «የእናቴን ዓይን የነሳኝ ሰው ነው» ስትል ቁጭ ብዬ ሰማኋት። ያን ቀን ምላሴን ነክሼ ደም ቀመስኩ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፣ እኔም ለአባቴ ተወግቻለሁ።

ዛሬ የራሴ መኪና አለኝ፤ ቁልፍ እንኳ አይዞርላትም፣ ሲጫኗት ትነሳለች፣ ድምጿም አይሰማም። እናቴን ዘመድ ለመጠየቅ ደጋን የማደርሳት እኔ ነኝ። የአባቴን መኪና የተጸየፈችው ሴት ጎኔ ተመቻችታ ተቀምጣ፣ ገና ኮምቦልቻን ሳናልፍ «አላህ ይይለት አባትሽ!» ብላ ትጀምራለች። አባቴ አፉን የዘጋው ወዷት ነው። እኔ እንደሱ ደግ አይደለሁም፤ ነገሩን የያዝኩት ለቀኑ ብዬ ነው። በየጉዞው ዛሬስ እነግራታለሁ ብዬ እነሳለሁ፤ ዞር ብዬ ሳያት ግን ከባለፈው ይልቅ አርጅታለች፣ ያቺ የምበቀላት ሴት ከእጄ እያመለጠችኝ ነው።