እወ የሚለው ሰውዬ

ከሮማናት አደባባይ ታክሲ ልሳፈር ስል ነው የያዙኝ። ስብሰባ ላይ ተናገርክ የተባልኩት ነገር ነበረ፤ ዛሬ ሳስበው ለራሴም ያን ያህል የሚያሳስር አይመስለኝም። ክፍሉ ውስጥ ሲከቱኝ መጀመሪያ ያየሁት በሩ አጠገብ፣ ከሽንት ባልዲው ጎን፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው ነው። አርባን ያለፈ፣ ረጅም፣ መልከ መልካም።

«እንቋዕ ደሓን መፃእካ፣ ሓወይ» አለኝ፤ እንኳን ደህና መጣህ፣ ወንድሜ እንደማለት። ዘመድ ቤት በእንግድነት የገባሁ መሰለኝ።

ካቦ የምንለው የክፍሉ አለቃ ሾፌር የነበረ ሰው ነው። «መምህር፣ ይሄን ሰውዬ የፈለግከውን ጠይቀው፣ መልሱ እወ ነው» አለኝ፤ አዎ ማለት ነው። ምሳ በልተሃል? እወ። አልበላህም እንዴ? እወ። የጭድ መጋዘን ሲቃጠል ቆሞ ሲመለከት ፖሊሶች አገኙት። «አንተ ነህ ያቃጠልከው?» አሉት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ጣቱን ቀለም ነክረው አስፈረሙት።

እኔ የሕግ አስተማሪ ነኝ። በዚያ ሰሞን የወንጀለኛ መቅጫው ሕግ ተሽሮ አዲሱ የወንጀል ሕግ ገና መሥራት ጀምሮ ነበርና ለተማሪዎቼ ምኑ እንደተለወጠ፣ ምኑ እንዳልተለወጠ ሳስረዳ ነው የከረምኩት። ሰፈር ጅል የሚለውን ሰው ሐኪም ዘገምተኛ ይለዋል፤ ሕጉ ደግሞ የራሱ ረጅም አባባል አለው። ስሙ ምንም ይሁን፣ የሚሠራውን መረዳት የማይችል ሰው አይቀጣም። ዳኛው ከተጠራጠረ ሐኪም ያዝዛል። መጠራጠር ግን አለበት። ይሄ ሰውዬ ደግሞ ሲያዩት የመሥሪያ ቤት ኀላፊ ነው የሚመስለው።

ሸሚዙን የምታጥብለት ታላቅ እኅቱ ነበረች። ከእንዳ ኢየሱስ በእግሯ እየመጣች ምግብ ታቀብለዋለች። በችሎቱ ዋዜማ በአጥሩ በኩል አነጋገርኳት።

«ልጅ ሆኖ በድንጋይ ይመቱት ነበረ» አለችኝ። «ዐዋቂ ከጠየቀህ እወ በል፣ ማንም አይመታህም አልኩት። እውነትም ተዉት።»

«ነገ ዳኛው ፊት ተነሥተው ዘገምተኛ ነው ይበሉ። ሌላ መንገድ የለም።»

«እሱ ቆሞ እየሰማ፣ መምህር? ዕድሜ ልኬን የሸፈንኩትን?»

ሳህኗን ይዛ ሄደች።

ክፍላችን አንድ ልማድ ነበረው። ቀጠሮ የደረሰበትን ሰው ካቦው ዳኛ፣ ሌላው ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ያለማምደዋል። ያን ቀን ከሰዓት ሁላችንም ሰውዬውን ከበን ተቀመጥን። አቃጥለሃል? እወ። አይደለም፣ «ኣይፋል» በል። አቃጥለሃል? እወ። በትክክል ሲመልስ ብስኩት እንሰጠዋለን፤ ሲሳሳት እንደገና እንጀምራለን። ብርሃን ከመስኮቷ ሳይሸሽ ለመደው። ካቦው ደስ ብሎት «የእናትህ ልጅ ነህ?» አለው።

«ኣይፋል!»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እሱም አብሮን ሳቀ።

በማግስቱ እኔም ቀጠሮ ነበረኝ፤ ሁለታችንንም በአንድ ካቴና አስረው ወሰዱን። ዳኛው «አቃጥለሃል?» ሲሉት «ኣይፋል» አለ። ልቤ በደስታ ዘለለች። ከዚያ እኅቱ ተነሣች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ወለሉን እያየች፣ «ወንድሜ ዘገምተኛ ነው» አለች። ድምፅዋ አልተሰማምና ዳኛው ደግማ እንድትናገር አዘዟት። ደገመችው።

ዳኛው ወደ እሱ ዞሩ። «እኅትህ አእምሮህ ሙሉ አይደለም ትላለች። እውነቷን ነው?»

«ኣይፋል» አለ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ።

ዳኛው ፈገግ አሉ። ጥያቄ ተረድቶ እንደሚመልስ አስጻፉና ሐኪም ሳይታዘዝለት ቀረ። ለመናገር እጄን አነሣሁ፤ የእሱም እጅ አብሮ ተነሣ። ፖሊሱ ሁለቱንም ወደ ታች ጎተታቸው።

በኋላ ብዙ ዓመት ፈረዱበት። ያን ቀን ግን፣ ስንመለስ፣ መኪናው ውስጥ ጠጋ አለኝ። «መምህር፣ ደሕና መለስኩ?»

በጉተታው የአንገቱ ቁልፍ ተፈትቶ ነበር። ባልታሰረው እጄ ቆለፍኩለት።

«እወ፣ ሓወይ» አልኩት።

ክፍል ስንገባ ካቦው የሆነውን ሰማ። የሰውዬውን ምንጣፍ ከባልዲው ጎን አንሥቶ በራሱ ቦታ፣ ከመስኮቷ ሥር አነጠፈለት። እሱ ራሱ ባልዲው ጋ ተኛ። እስከምለቀቅ ድረስ እዚያው ነበር የሚተኛው።

አሁን ሥልጠና በተጠራሁ ቁጥር «የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት ሰው» በሉ ይሉናል። እላለሁ። ደግ ስም ነው፤ እኅቱም ይሄንን ቢሆን ኖሮ ቀና ብላ ትናገረው ነበር ብዬ አስባለሁ። ዳኛው ግን ከዐይኔ አይጠፉም። አንድ ጥያቄ ብቻ ቢጨምሩ ምን ነበረበት? የእናትህ ልጅ ነህ ወይ ብለው ቢጠይቁት።