የማተሚያውን ቀዳዳ የደፈነው ሰው

የኮምፒውተሮቻችንን ደኅንነት እንዲፈትሽልን የጠራነው የቀድሞ ሰርጎ ገብ ቱኒስ ባለው ሆስፒታላችን የኮምፒውተር ክፍል ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ተቀመጠ። የስልኩን ካሜራ በፕላስተር ሸፍኖታል። ያቀረብንለትን የለውዝ ሻይ አልነካም።

ለእንግዳ በሚሰጥ የመግቢያ ስም ኮምፒውተሩን ከፍቶ የተቆለፈ የሕመምተኛ መዝገብ እንዲታተም አዘዘ። ማተሚያው ያለ ምንም ጥያቄ አወጣው። የማተሚያው አገልግሎት በዋናው አስተዳዳሪ ሥልጣን ስለሚሠራ የሚከለክለው አልነበረም። ከባለቤቴ የደበቅኩት የኔ ሕመምም ከእነዚህ መዝገቦች በአንዱ ሰፍሯል።

"ወንድሜ፣ ይሄን እስክታውቅ ስንት ቤት ገብተሃል?" አለችው አለቃዬ ሙኒያ፣ እየሳቀች። እሱ አልሳቀም።

ለጥገናው ዋናውን የይለፍ ቃል ስትጽፍለት ፊቱን አዞረ። የአገልግሎቱን ሥልጣን ቀንሶ ሲጨርስ "አንቺው ሞክሪው እህቴ" አላት። ሞከረች፤ ማተሚያው እምቢ አለ።

"እኔንም እንዳታምኚ። የከፈትሽልኝን የመግቢያ ስም እያየሁ ሰርዢው።"

ሰረዘችው። ሸኝተነው በሩን ቆለፍን። ወዲያው እጀታው ከውጭ በቀስታ ዞረ፤ ተመለሰ።

"መቆለፉን ሊያይልን ነው ወይስ የቆየ ልማዱ ነው? ክፈትና ጠይቀው እንጂ!" አለች ሙኒያ።

አልደፈርኩም። የእግሩ ድምፅ እስኪርቅ ቁልፉን በእጄ ጨብጬ ቆምኩ።