አልጋ ስድስት ላይ ያለችው

ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ከአንኮበር በእህል መኪና ተጭና የመጣች እናት ደብረ ብርሃን ሆስፒታል በደረሰች በሩብ ሰዓት ውስጥ የሰባት ወር ሴት ልጅ ወለደች። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ገና አምስተኛ ወሬ ነበር፤ ስብሰባ ላይ ስሜ ሲጠራ እንኳ የሚያልበኝ ሐኪም ነበርኩ።

ልጅቷ በተነፈሰች ቁጥር ደረቷ ይሰረጉዳል፤ ታቃስታለች። አዋላጇ፣ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴት፣ መዝገቡን ስበው «ጭንጋፍ» ብለው ጻፉ። በክፍላችን ልማድ ስምንት ወር ያልሞላው ሁሉ በዚህ ቃል ይመዘገባል። ጭንጋፍ የአልጋ ቁጥር አይሰጠውም፤ የአልጋ ቁጥር ለሌለው ደግሞ ኦክስጅን አይፈቀድም።

«ሲስተር፣ ትተነፍሳለች እኮ» አልኩ።

«እስኪመሽ ነው፣ ዶክተርዬ። እናትየዋን አታጓጊያት።»

ቃሉ አንገበገበኝ። የሚያቃስት ሰው ጭንጋፍ አይባልም። ልጅቷን አልጋ ስድስት ላይ በተኛችው እናቷ ደረት ላይ አስተኝቼ በጋቢ ሸፈንኳቸውና የኦክስጅን መጠየቂያውን ሞላሁ፦ አልጋ ስድስት፣ ትንፋሽ ያጠራት። አስተዳዳሪው፣ በዕድሜ ብዙም የማይበልጠኝ ካድሬ፣ ወረቀቱን አገላብጦ እያየ እናትየዋ ምን እንደሆነች ጠየቀኝ።

«አልጋ ስድስት ላይ ያለችው ናት፣ ጓድ» አልኩ። አልዋሸሁም፤ ልጅቷም ያለችው እዚያው አልጋ ላይ ነው። ፈረመ።

ተማሪ ሳለሁ አንድ ጊዜ ብቻ ያየሁትን እያስታወስኩ ከኦክስጅን ሲሊንደሩ የሚመጣውን ቀጭን ቱቦ የልጅቷ አፍንጫ ላይ በፕላስተር አሰርኩ። ትርፉ አየር የሚወጣበትን ቱቦ ጫፍ ደግሞ ውሃ በሞላሁበት የግሉኮስ ጠርሙስ ውስጥ አጠለቅሁት፤ ውሃው አየሩን ገታ ሲያደርገው ሳንባዋ ተጨማዶ አይዘጋም። ጠርሙሱ ይንተከተክ ጀመር።

«ጠላ ልትጠምቂልን ነው?» አሉ አዋላጇ በሩ ላይ ቆመው። የጽዳት ሠራተኞቹ ሳቁ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ከአልጋው አጠገብ ወንበር ሳብኩ።

ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ሌላ በሽተኛ ስመረምር ከአልጋ ስድስት በኩል የአዋላጇን ድምፅ ሰማሁ። «ዶክተር፣ ጥንስስሽ ዝም አለ።» ቱቦው ከልጅቷ አፍንጫ ተንሸራቶ ኖሯል። እስክደርስ ራሳቸው መልሰውት ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ልጅቷ ማቃሰቷን ትታለች፤ ከንፈሯም ቀልቷል። ማስመሪያ ይዤ «ጭንጋፍ» በሚለው ላይ አንድ ቀጭን መስመር አሰመርኩ፤ ከሥሩ እንዲነበብ ሆን ብዬ። በላዩ «ሴት ልጅ፣ በሕይወት ያለች» ብዬ ጽፌ ፈረምኩበት። ከዚያ መዝገቡን እንደተከፈተ ታቅፌ ሁለተኛ ሲሊንደር ላስፈርም ወደ አስተዳዳሪው ሄድኩ። በዚህኛው መጠየቂያ ላይ ዕድሜ በሚለው ቦታ «አንድ ቀን» ብዬ ጽፌያለሁ።